በገና ጨዋታ አይቆጡም ድመት

ድመትና የገና ዛፍ አንድ ሳሎን ውስጥ ለማኖር ያሰበ ሰው ሽማግሌ አስቀድሞ ቢያዘጋጅ አይከፋም። ነገሩን እስቲ ከድመቷ በኩል ሆነን እንየው። ዓመቱን ሙሉ «ከሶፋው ውረጂ፣ ከመጋረጃው ውረጂ፣ ከቡፌው ላይ ውረጂ» ስትባል የኖረች ፍጥረት አንድ ቀን ማለዳ ስትነሣ ሳሎኑ መሐል ዛፍ በቅሎ ታገኛለች። ግንድ አለው፤ ቅርንጫፍ አለው፤ ጫካ ጫካ ይሸታል። በየቅርንጫፉ ጫፍ ክብ ነገር ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ሲነኩት ይሽከረከራል፤ ሲመቱት ይወድቃል፤ ሲወድቅ እስከ ሶፋው ሥር ይንከባለላል። ይህ ሁሉ ለማን ተዘጋጀ ብላ ቤቱን ብትቃኝ ዛፍ የሚወጣ ከእሷ በቀር ማንም የለም። ለእኔ ነው ብትል ምኑ ላይ ነው ጥፋቷ?

የእኛዋ ሽሮ ትባላለች። ስሙን ያወጡላት ልጆቹ ናቸው፤ ቀላ ያለ ቢጫ መልኳን አይተው። ክፋቱ በጾም ሰሞን ነው። ባለቤቴ ከማድ ቤት «ሽሮ!» ብላ ስትጣራ ድመቷም እኔም እኩል እንደርሳለን፤ እሷ ስሟን ሰምታ፣ እኔ ምሳ ደረሰ ብዬ። ድመቷን ፈልጋ ከሆነ እኔ አፍራለሁ፤ ምሳው ከሆነ እሷ ታፍራለች።

የአገሩም ሕግ ቢሆን ለሽሮ ያደላል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ባላባቱና ገበሬው፣ ሎሌውና አሳዳሪው አንድ ሜዳ ወርደው በቆልማማ ዱላ ጥንግ ሲያሳድዱ ነው። የሎሌው ዱላ የጌታውን ቁርጭምጭሚት ቢያገኘው ጌታው እያነከሰ ይስቃል እንጂ አይቆጣም። ሽሮ ይህን ደንብ ማንም ሳያስተምራት ታውቀዋለች። ጥንጉ ኳሷ ነው፣ ዱላው መዳፏ ነው፣ ሜዳው ሳሎናችን ነው። ጌታው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ መቆጣት አይፈቀድልኝም።

አዲስ አበባ ላይ የገና ዛፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የፕላስቲኩ ነው፤ በየዓመቱ ከቁም ሣጥን አናት በካርቶን ይወርድና አቧራው ተራግፎ ይቆማል። ሌላው በታኅሣሥ በየመንገዱ ዳር ተደግፎ የሚሸጠው ጥድ ነው። እኛ ቤት የጥዱ ወገን ነን። ያ የፈረንጅ ጥድ የምንለው ዘሩ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ነው፤ የሐበሻው ጥድማ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተከብሮ ይኖራል፤ ማንም ኳስ አይሰቅልበትም። ዛፍ አስጊጦ ቤት ማስገባቱ ደግሞ ከጀርመን የወጣ ልማድ ነው። መብራቱ የቻይና ነው። እንዲህ ሲቆጠር ሳሎናችን ውስጥ ከቆመው ጉድ መካከል የአገር ልጅ ሽሮ ብቻ ናት። የቤት ድመት የዘር ሐረጓ የሚመዘዘው በእኛም አገር ከሚገኘው የዱር ድመት ወገን ነውና።

አማቴ ይህን ነጥብ አጥብቀው ይይዛሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው ሶፋው ጫፍ ላይ ይቀመጡና፣ «ለገና ዶሮ ይገዛል፣ ከተገኘም በግ ይገዛል። ጥድ ገዝቶ ቤት ማስገባት የምን ጣጣ ነው? ከዚህ ቤት ነገሩ አይሆንም ያለች እሷ ብቻ ናት» ይላሉ። ሽሮ አንድ ኳስ ባወረደች ቁጥር «እሰይ የኔ ልጅ» የሚል ድምፅ ከሶፋው በኩል ይሰማል። ከተከሳሽ ጋር ዳኛም ምስክርም ከወገነ ከሳሽ ምን ያደርጋል?

ጥዱ የሚተከለው ቀለም ያለቀበት ባልዲ ውስጥ ነው፤ ባልዲው በአሸዋ ይሞላል። እዚህ ላይ ድመት አሳድጎ የማያውቅ አንባቢ ምንም አይታየው ይሆናል። ያሳደገ ግን መሳቅ ጀምሯል። ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ለመጫር የሚመች አሸዋ ቤቷ ድረስ ሲመጣላት ሽሮ ዛፉን እንኳ ቀና ብላ አላየችም። ቀጥታ ባልዲው ላይ ወጣች፤ ጫረች፤ ጉዳይዋን ጨረሰች፤ እንደ ጨዋ ልጅ አልብሳ ወረደች። ጫካና ሽንት ቤት በአንድ ቀን የገባለት ድመት በሰፈሩ ውስጥ ሌላ ያለ አይመስለኝም። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ አሸዋው ላይ ጡጫ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ መደርደር። ባልዲውም ይከብዳል፤ ዛፉም አይዘምም። ድንጋይ መጫር የሚወድ ድመት የለም።

ከባልዲው ስትባረር ወደ ላይ ዞረች፤ እኛም መላ ፍለጋ ጀመርን። በ1848 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ጋዜጣ ላይ የወጣ አንድ ሥዕል አለ፤ ንግሥት ቪክቶሪያና ባሏ አልበርት ከልጆቻቸው ጋር የገና ዛፍ ከበው ቆመዋል። እንግሊዞች ልማዱን በብዛት የተከተሉት ይህን ካዩ በኋላ ነው ይባላል። ሥዕሉ ላይ ዛፉ የቆመው ጠረጴዛ ላይ ነው። ባለቤቴ ይህን አይታ «እኛም ጠረጴዛ ላይ እናድርገው» አለች። የቤተ መንግሥቱን አላውቅም እንጂ እኛ ቤት ጠረጴዛ ለድመት ደረጃ ነው። መሬት ላይ የቆመውን ዛፍ ለመውጣት መዝለል የነበረባትን ግማሹን አቃለልንላት ማለት ነው። ዛፉ ወደ መሬቱ ተመለሰ።

ምክር የማያልቅባቸው የጎረቤታችን እትዬ ደግሞ አሉ። በር ላይ ቆመው ሁኔታውን አዩና «ኧረ ይሄ ምኑ ይከብዳል! በርበሬ ነስንሱበት» አሉ። ነሰነስን። በርበሬው የድመቷ አፍንጫ ሳይደርስ የሰዉን አዳረሰ፤ የሚገባው እንግዳ ሁሉ «እንደምን ዋላችሁ» ሳይል አስቀድሞ ያነጥሳል። ለእንስሳዪቱም ቢሆን ግፍ ነው፤ መዳፏ ላይ ይቀርና ፊቷን ስትታጠብ ዓይኗ ይገባል። ጠርገን አወጣነው። «ነጭ ሽንኩርትስ?» አሉ። ሽንኩርት፣ ቀዩም ነጩም፣ የድመትን ደም ያበላሻልና እሱም ቀረ። የብርቱካን ልጣጭ ግን ሠራ። ድመት የብርቱካንና የሎሚ ሽታ አትወድም፤ ልጣጩ ባልዲው ዙሪያ እስካለ ድረስ ሽሮ ከሩቅ ቆማ አፍንጫዋን ታጨማድዳለች። ግን ልጣጭ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ሽታው ያልቃል፣ ብርቱካን ደግሞ በዚህ ዋጋ ለሰውም አልተረፈ።

የጤና አዳሙ ሐሳብም የእሳቸው ነው፤ ይህኛውን አልረሳውም። ድመት ጤና አዳም አትወድም ተብሎ ከጓሮ ብዙ ዘለላ ተቆርጦ መጣና በየቅርንጫፉ ተሰካ። እውነትም ሽሮ አሸተተችና ጀርባዋን ሰጥታን ወደ ደጅ ወጣች። ዛፉ ደግሞ አማረበት፤ አረንጓዴ በአረንጓዴ ላይ። ቤቱ ሰላም ሆነ። ከሰዓት በኋላ ግን ቡና ተፈላ፤ ሰው ተጠራ። አንዱ እንግዳ ስኒውን እንደያዘ ተነሣና ከዛፉ ቆንጠር አድርጎ ቡናው ውስጥ ጨመረ። ሌላውም ተነሣ። «እንዴት ያለ ቁም ነገረኛ ዛፍ ነው!» እያሉ በአቦል የፊት ለፊቱን፣ በቶና የጎንና የጎኑን ጨረሱት፤ በረካ ሲቀዳ ዛፉ አንድም ጠባቂ አልነበረውም። ሽሮ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ ነበር መሰለኝ፣ የመጨረሻው እንግዳ ጫማውን ሳያስር ኳሱ ወደቀ።

ቃጭልም ሞክረናል። ትንንሽ ቃጭሎች በታችኛው ቅርንጫፍ ላይ አስረን፣ ሌሊት ስትነካው ይጮህና እንነቃለን፣ ተነሥተን እናባርራለን አልን። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጮኸ። ተነሣሁ። ድመቷ ዛፉ ሥር ቁጭ ብላ በእርጋታ ታየኛለች። አባርሬ ለማስረሳት ትንሽ ምግብ ሰጠኋትና ተኛሁ። በማግስቱም በዚያው ሰዓት ጮኸ። ሽሮ የተረዳችው እንዲህ ነው፤ ይህ ነገር ሲጮህ ረጅሙ ሰውዬ ካልሲውን ሳያደርግ እየሮጠ መጥቶ ምግብ ይሰጣል። እኛ ለእሷ ያሰርነው ቃጭል እኔን መጥሪያ ሆነ። ፈትቼ ጣልኩት፤ ለሳምንት ያህል ግን በዚያው ሰዓት እየነቃሁ ቀረሁ።

አንድ ሌሊት በመጨረሻ ዛፉን ከነመብራቱ ይዛው ወደቀች። ይዛው ወደቀች ማለት እንኳ አይቻልም፤ ዛፉ በአናቱ ወደቀ፣ እሷ በእግሯ ቆመች። ኤቲየን ዡል ማሬ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ በ1894 እ.ኤ.አ. ጀርባዋን ወደ መሬት አድርገው የለቀቋት ድመት አየር ላይ እንዴት ተገልብጣ በእግሯ እንደምታርፍ በተከታታይ ፎቶግራፍ አንሥቶ አሳይቷል። መጀመሪያ የፊት ገላዋ ይዞራል፤ የኋላው ይከተላል። ዛፍ ይህ ተሰጥኦ የለውም። ስለዚህ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ግንዱን በጠንካራ ሲባጎ ከመጋረጃው ብረት ጋር ማሰር ግድ ነው። እንግዳ ሲጠይቅ «እስረኛ ነው» እንላለን።

ከዚህ ሁሉ ሙከራ የተማርነው ቁም ነገር ቢኖር ድመቷን የሚጠራት ጌጡ ሳይሆን የጌጡ መወዛወዝ መሆኑን ነው። ቀዩን ኳስ ከወርቃማው ጋር ለማስማማት ባለቤቴና ልጄ ግማሽ ቀን ተከራክረዋል። ሽሮ ቀዩን ቀለም እንደ እኛ አታየውም፤ ክርክሩ እሷን አይመለከትም። የምታየው እንቅስቃሴ ነው። ዓይኗ የተሠራው ሣር መሐል ሽው ያለችን አይጥ ለማግኘት ነውና በረጅም ክር ተንጠልጥሎ ነፋስ የሚያወዛውዘው ነገር ሁሉ ለእሷ አይጥ ነው። ክሩን አሳጥሮ ኳሱን ከቅርንጫፉ ጋር ጥብቅ አድርጎ በሽቦ ማሰር ግማሹን ችግር ያስወግዳል። የማይወዛወዝ ኳስ ለድመት የሞተ አይጥ ነው፤ ያውም ሌላ ድመት የገደለችው።

አንድ ነገር ላይ ግን አልቀልድም፤ ብልጭልጩ ላይ። ያ የብርና የወርቅ ቀለም ያለው፣ ዛፉ ላይ እየተጠመጠመ የሚንዠረገገው። የድመት ምላስ ላይ ወደ ጉሮሮ ያጋደሉ ጥቃቅን እሾሆች አሉ፤ ክር አንዴ ከያዘች ልትተፋው ብትል እንኳ ወደ ውስጥ ይነዱባታል። የዋጠችው ክር አንዱ ጫፉ ምላሷ ሥር ወይም ጨጓራዋ ውስጥ ይያዛል፤ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል፤ አንጀቷ እየተኮማተረ በክሩ ላይ ይሰበሰብና ክሩ ይቆርጠዋል። ቀዶ ሕክምና ካላገኘች ትሞታለች። ጫፉ በአፏ ወይም በኋላዋ ወጥቶ ቢታይ መጎተት አይገባም፤ ቶሎ እንስሳት ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው። ለስጦታ መጠቅለያ የሚታሰረው ሪባንም ያው ነው። የመብራቱን ሽቦ የምታኝክ ድመት ካለች ደግሞ ማታ ከሶኬቱ መንቀል ነው። እቅፍ አበባ የሚያመጣ እንግዳ ቢኖር ሊሊ እንዳይገባ፤ ከአበባው ብናኝ ላይ ጥቂት ብትልስ እንኳ ኩላሊቷን ይጨርሰዋል። ብልጭልጩን ከቤት ካስወጣን በኋላ የዱሮውን ጥጥ መልሰናል፤ በትንሽ በትንሹ ተቦጭቆ፣ እሷ በማትደርስበት በላይኛው ቅርንጫፍ ብቻ። በረዶ ነው ይባላል። አዲስ አበባ ላይ በታኅሣሥ በረዶ ያየ ሰው ባይኖርም፣ ፈረንጅ አገር ያለ ዘመድ በቪዲዮ ሲደውል እንዳይከፋው።

የገና ዛፍ ጣጣ በሌላው አገር አጭር ነው፤ እኛ ዘንድ ይረዝማል። ልጆቹ በፈረንጆቹ ገና፣ ታኅሣሥ 16፣ «ሁሉም ቤት ቆሟል» ብለው ያስተክሉናል። የእኛው ታኅሣሥ 29 ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግሥት ባለው ዓመት ደግሞ 28። ከዚያ «ጥምቀት ሳያልፍ እንዴት ይነሣል?» ይመጣል፤ ጥር 11። ለሽሮ ይህ ሁሉ አንድ የጨዋታ ወራት ነው። 

በዚያ ላይ ጾሙ አለ። የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ እስከ ገና ድረስ ቤቱ ውስጥ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የለም። ሰው ምስርና ሽሮ በልቶ ይከርማል፤ ድመት ግን አትችልም። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ገላዋ በበቂ አያዘጋጅም፤ ከሥጋ ካላገኘች ዓይኗና ልቧ ይታመማል። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ያሉን አባቶች ሲያሟት መስሎን ነበር እንጂ ለካ ስለ ምግቧ ነው የነገሩን። እናም በጾሙ መሐል ሳንባ ለመግዛት ሥጋ ቤት መሄድ የእኔ ድርሻ ነው። በዚያ ሰሞን ሥጋ ቤቱ ጭር ብሏል፤ ቢላዋውም ሰውየውም ተቀምጠዋል። ሳንባው በጥቁር ፌስታል ይጠቀለላል። ጥቁር ፌስታል የተፈለገው እንዳይታይ ነው፤ በጾም ግን ከጥቁር ፌስታል ይበልጥ የሚታይ ነገር የለም።

እትዬ በር ላይ አገኙኝ።

«እንዴት ዋልክ ልጄ?» አሉ፤ ዓይናቸው ፌስታሉ ላይ ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ። የድመቷ ነው።»

«ኧረ እኔ ምን አልኩ? ማን ምን አለ?»

ምንም አላሉም። ብቻ በማግስቱ ከሦስተኛው ቤት ያሉት ጋሼ መንገድ ላይ አስቁመው ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ «እግዜር ይማርህ። ሐኪም ብላ ካለ ምን ታደርጋለህ፣ ለሕመም ተፈቅዷል» አሉኝ። አመሰገንኩ። የድመቷ ነው ብል እንደሚብስ ገብቶኛል። በዚህ አገር አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ የኖረ ነው።

ሳንባው ግን ለዛፉ ጠቅሟል። በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሥጋ የበዛበት ምግብ የተሰጣቸው ድመቶች አድነው ወደ ቤት የሚያመጡት በ36 በመቶ ቀንሷል፤ በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለቤቶቻቸው ያጫወቷቸው ደግሞ በ25 በመቶ። ቃጭል ያሰሩት ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም፤ ይህን ቀድሜ ባነብ ኖሮ እንቅልፌን እጠግብ ነበር። አሁን ከመኝታ በፊት ልጄ እንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ አስሮ ሳሎኑን እየዞረ ያሯሩጣታል፤ ስትደክም የተቀቀለ ሳንባ ይቀርብላታል። ያደነች፣ የያዘች፣ የበላች መስሏት ፊቷን ታጥባ ትተኛለች። የዛፉ ሌሊት ያልፋል። አማቴ ሰውየው ሥራ ውሎ መጥቶ ሽሮ ሲበላ ድመቷ ጨዋታና ሥጋ ሲቀርብላት እያዩ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ስለ የትኛችን እንደሚያዝኑ አልጠየቅኳቸውም።

በዚህ ጉዳይ ልበ ሰፊዎቹ አይስላንዶች ናቸው። በእነሱ ተረት ዮላኮቱሪን የሚባል ግዙፍ የገና ድመት አለ፤ ለበዓሉ አዲስ ልብስ ያላገኘውን ሰው እየፈለገ ይበላል። ዮሐነስ ኡር ኮትሉም የተባለው ባለቅኔያቸው በ1932 እ.ኤ.አ. ግጥም ጽፎለት ዝናው ናኝቷል። ዛሬ ዋና ከተማቸው ሬይክያቪክ ውስጥ በገና ሰሞን የዚያ ድመት ትልቅ ምስል መሐል ከተማ ላይ በመብራት አሸብርቆ ይቆማል። ዛፉን ከድመት ሲጠብቁ ከሚኖሩ ድመቱን ራሱን አስጌጡት፤ ተገላገሉ። ያ ድመት እኛ ሰፈር ቢመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ማንን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለልጆቹ አዲስ ገዝቶ፣ ለሚስቱ ቀሚስ አሰፍቶ፣ ለራሱ የዓምናውን ጃኬት ያስተኮሰውን አባወራ ነው።

እኛ አይስላንድ አልደረስንም፤ በድርድር ግን ተስማምተናል። የዛፉ የታችኛው ግማሽ የሽሮ ነው። እዚያ የሚሰቀለው የማይሰበር፣ የማይዋጥ፣ ቢወድቅ የማያናድድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጆቹ ከካርቶን የቆረጡት ኮከብ፣ የጨርቅ ኳስ፣ አማቴ ከአሮጌ ሹራብ የሠሩት አንድ እንግዳ ነገር፤ እሳቸው መልአክ ነው ይላሉ። የላይኛው ግማሽ የእኛ ነው። ከሩቅ ለሚያየው ዛፉ ከላይ ካፖርት ደርቦ ሱሪ የረሳ ሰው ይመስላል፤ ባለቤቴ መጀመሪያ ደስ አላላትም ነበር። «ሰው ምን ይላል?» አለች። ሰው እንደሆነ ዛፍ አይቶ የሚለው ያው «አምሮበታል» ነው፤ ዓይኑ ወዲያው ወደ ዳቦው ይዞራል። ዛፉን ቀርቦ፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ፣ በእውነት የሚመለከተው በዚህ ቤት ማን እንደሆነ አስበን ነው ድንበሩን የከለልነው።

ድንበሩ ሙሉ በሙሉ ይከበራል አልልም። ባለፈው የመጣ አንድ ዘመዳችን መብራቱ ሲበራ አይቶ «እነዚያ ሁለቱ አረንጓዴዎች ግሩም ናቸው፤ ሌላው ብልጭ ድርግም ሲል እነሱ ቀጥ ብለው ይበራሉ» አለ። እኛ ቤት አረንጓዴ አምፖል የለም። ሁላችንም ዝም አልን። የድመት ዓይን ብሌን ከኋላው ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ንብር አለው፤ የዘመዳችን አድናቆት ያረፈው እዚያ ላይ ነው። እሱ ጎንበስ ብሎ ሊነካቸው ሲል አንደኛው አምፖል ጠቀሰው።

በገና ዋዜማ ግን ዛፉን የሚያስታውሰው አልነበረም። ዶሮው ገብቷል፤ ማድ ቤቱ በር ላይ እግሩን ታስሮ ይንቆራጠጣል። ሽንኩርቱ ከጠዋት ጀምሮ እየተቁላላ ነው። ቄጤማው ሲጎዘጎዝ ሽሮ መጀመሪያ ገባችበት፤ ተንከባለለች፤ ከውስጡ ዘልላ የአማቴን ነጠላ ጥለት ያዘች። «ተይ እንጂ አንቺ!» አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጥተው። ጥድ ላይ ስትሆን ጀግና ነበረች፤ ጥለት ላይ ስትመጣ ባለጌ ሆነች። ከዚያ ዶሮው ታረደ፤ ሽሮ ከማድ ቤት ደጃፍ ሌሊቱን ሙሉ አልተነቃነቀችም። የዶሮ አጥንት ከተቀቀለ በኋላ ይሰነጠቅና ጉሮሮ ይወጋልና አጥንቱን ከልክለን ጉበቱን ሰጠናት። ዛፉ ብቻውን አደረ። አንድም ኳስ አልወደቀም።

በዓሉ ካለፈ በኋላ እትዬ መጡ። ሰላምታው ረዘም አለ፤ ሻይ ጠጡ፤ ስለ ኑሮ ውድነት ተነጋገርን። በመጨረሻ «ልጄ፣ አይጥ መከራ አሳየን፤ ድመቷን ለጥቂት ቀን ብታውሱኝ» አሉ። ደስ ብሎን በዘንቢል አድርገን ሰጠናቸው። እሳቸው ቤትም የልጅ ልጆቻቸው ያቆሙት ዛፍ እንዳለ፣ ያውም ብልጭልጭ እንደ ተጠመጠመበት፣ ያስታወስነው ከወጡ በኋላ ነው። ልጄን ሮጠህ ብልጭልጩን አስነሣ ብዬ ላክሁት። ተመልሶ መጣና «አስነሥተዋል። ሽሮ ግን ዛፉ ላይ ናት፤ አይጦቹ እታች ሆነው ያይዋታል» አለኝ።

ዓርብ ዕለት ከሥራ ስመለስ እትዬን ሥጋ ቤቱ ደጃፍ አገኘኋቸው። እጃቸው ላይ ጥቁር ፌስታል አለ። ሲያዩኝ ወደ ነጠላቸው ሥር ሸሸግ አደረጉት።

«የድመቷ ነው» አሉ፤ ሰላም ሳይሉኝ።

«ኧረ እትዬ፣ ማን ምን አለ?»